ቁልፉ ሞተ ከማለታችን በፊት



ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ከዶርም ዶርም የሚዞር አንድ ጥያቄ አለ፦ «ላፕቶፔ አንዳንድ ፊደል እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ሪሰርች ሊገባ ቀናት ሲቀሩ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ጠያቂው መልሱን አይጠብቅም፤ ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ፒያሳ ይሄዳል። እዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ኪቦርዱ ይቀየር» የሚል ነው። ይህ ወጪ ከቤት ከሚላክልን ገንዘብ ጋር ሲተያይ ቀላል አይደለም። የጓደኞቻችንን ላፕቶፕ ስናይ የከረምን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የምንለው ይህን ነው፦ መቀየር የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው ወይስ ዊንዶውሱ ላይ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይታያል። እንግሊዝኛ ስንጽፍ አንድ ቁልፍ ቢሞት የሚጎድለን አንድ ፊደል ነው። በኪማን ወይም በሌላ በድምፅ በሚሠራ የግዕዝ ኪቦርድ ስንጽፍ ግን አንዱን ፊደል የምናወጣው ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ነክተን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛዋ «ኤ» ከሞተች ላ፣ ማ፣ ሳ፣ ባ፣ ባጠቃላይ ራብዕ የሚባሉት ፊደላት አብረዋት ይሄዳሉ፤ «ሰላም» ስንል «ሰልም» ይወጣል። ሺፍት ከሞተ ደግሞ ጠ ወደ ተ ይለወጥና «ጠዋት» «ተዋት» ይሆናል። «ግማሹ ኪቦርዴ ሞቷል» ብሎ የመጣ አንድ ወንድም ላይ ያገኘነው ይህንኑ ነው፤ የሞተችው አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበረች። እንግዲህ ፍተሻው ሁልጊዜ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ኖትፓድ ላይ ይጀመር።

ቋንቋ ካነሳን አይቀር፣ በእኛ ጀመዓ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የምናየው አንድ ጉዳይ አለ። ብዙዎቻችን ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ ሌላ ዐረብኛም ጭነናል። ዊንዶውስ ላይ የግራ አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይቀያየራል፤ በፍጥነት ስንጽፍ ጣታችን ሳናውቀው ይነካቸዋል። ኪቦርዱ «አበደ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከስክሪኑ ሥር በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት፣ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዞ ስፔስ በመንካት መመለስ ይበቃል። ዐረብኛ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮልና የቀኝ ሺፍት አብረው ከተነኩ ደግሞ ጽሑፉ ራሱ ከቀኝ መጀመር ይጀምራል። ኮንትሮልና የግራ ሺፍት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በዚህ የተነሳ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ያስጫነ ሰው እናውቃለን፤ ፋይሎቹንም አጥቷል።

ሌላው ፊልተር ኪይስ የሚባለው ነው። የቀኝ ሺፍትን ለ8 ሰከንድ ያህል ይዘን ከቆየን ዊንዶውስ ይህን አገልግሎት ላብራ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሳናነብ «የስ» ካልነው አለቀ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ነካ አድርገን የምንለቀውን ቁልፍ ይንቀዋል፤ ጫን ብለን ስንቆይ ብቻ ይጽፋል። አንዲት እህታችን ለአዲስ ኪቦርድ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምራ ሳለ የተገኘው ይህ ነበር። መዝጊያው ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ኪቦርድ የሚለው ጋ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ይባላል። ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ ስንነካ የሚመጣው ስቲኪ ኪይስም እዚያው ይዘጋል። ፊደል ስንነካ ቁጥር ከወጣ፣ ለምሳሌ ጄ፣ ኬ፣ ኤል 1፣ 2፣ 3 ከሆኑ፣ ነም ሎክ በርቶ ነው፤ በብዙ ትናንሽ ላፕቶፖች ኤፍኤንን ይዞ ነም ሎክን መንካት ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተፈታ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ኦን አብረን እንንካ፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። ከዚያ የተጠረጠረውን ቁልፍ በጣታችን ስንነካ ስክሪኑ ላይ ያለው አቻው ብልጭ ካለ ምልክቱ ደርሷል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ከጓደኛ የዩኤስቢ ኪቦርድ ተውሰን እንሰካ። እሱ በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ ነው ማለት ነው። (የፓስወርዳችሁ አንዱ ፊደል ሞቶ መግባት ያቃታችሁ አትደንግጡ፤ መግቢያው ገጽ ላይ ከታች በስተቀኝ ያለው የአክሰሰቢሊቲ ምልክት ይኸንኑ የስክሪን ኪቦርድ ያወጣል።)

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከቁልፉ ሥር ትንሽ የላስቲክ ጉልላት አለች፣ ከእሷም ሥር መስመር የታተመባቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖች አሉ። ቁልፉ ሲጫን ሁለቱ መስመሮች ይነካካሉ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መስመር አይሰጠውም፤ እንደ ፍርግርግ በረድፍና በዓምድ ተዘርግተዋል። 8 ረድፍና 16 ዓምድ ቢኖር በ24 መስመር ብቻ 128 ቁልፍ ይስተናገዳል። ይህን ማወቅ ምርመራውን ያቀላል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ጥፋቱ እዚያው ቁልፉ ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። ጎን ለጎን ያልሆኑ አራት አምስት ቁልፎች በአንድ ቀን ከሞቱ ግን የጋራ መስመራቸው ተቆርጧል ወይም ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ሪባን ኬብል ላልቷል። የላላ ሪባን ነቅሎ መልሶ ለመሰካት አዲስ ኪቦርድ አያስፈልግም፤ ለጠጋኙ «መጀመሪያ ሪባኑን እይልን» ማለት መብታችን ነው።

ቆሻሻ ከሆነ፣ ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ዘቅዝቀን በእጃችን ቀስ ብለን መታ መታ እናድርገው። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ። የኳስ መንፊያም በደንብ ይሠራል፤ በአፍ መንፋት ግን እርጥበት ያስገባል። በበጋ የጎንደር አቧራ ብቻውን ይበቃል፤ በረመዷን ደግሞ የሳምቡሳ ፍርፋሪና የቴምር ጣት ይጨመርበታል። የሚያጣብቅ ነገር ካለ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል በጥጥ ጫፍ እያረጠቡ በቁልፉ ዙሪያ መጥረግ ነው። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ጄሉ ራሱ ያጣብቃል። የቁልፉን ክዳን በቢላ ፈንቅሎ ማውጣትም አንመክርም፤ ከሥሩ ያሉት ስስ የፕላስቲክ መያዣዎች ከተሰበሩ ክዳኑ ተመልሶ አይቆምም።

ሻይ ከፈሰሰ ጉዳዩ የደቂቃ ነው። ፋይሉን ሴቭ ላድርግ አይባልም፤ የማብሪያውን ቁልፍ ጭኖ መያዝና ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ እንደ ድንኳን መድፋት። ቢያንስ አንድ ቀን፣ ከተቻለ ሁለት ቀን ይቆይ። መድረሳ ስንቀራ ሉሐችንን አጥበን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ላፕቶፕ ግን ፀሐይም የከሰል ምድጃም አይወድም፣ ሩዝ ውስጥ መቅበሩም አይጠቅመውም። ስኳር ያለው ሻይ ከውኃ የሚከፋው ውኃው ተኖ ስኳሩ ስለሚቀር ነው፤ ስለዚህ ቢሠራም ተከፍቶ ይጽዳ።

ከደጋው የምንመጣ ሌላም እናውቃለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ማለዳ ተነስቶ የመጣ ላፕቶፕ ሌሊቱን በብርድ ከርሟል። ሰው በሞላበት ሞቃት ክፍል ወዲያው ሲከፈት በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ብረትና ፕላስቲክ ላይ ወደ ውኃ ይለወጣል። ከቦርሳው ሳይወጣ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አያስጠብቅም። መሃል ያሉ ቁልፎች ወደ ላይ ከተገፉ፣ ታችፓዱ ካበጠ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ፣ ከሥር ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። ይህ የእሳት አደጋ ነው። ቻርጅ አይደረግ፣ አይጫን፣ አይወጋ፤ አጥፍቶ ባትሪውን ለሚያወጣ ባለሙያ መስጠት ነው።

ቁልፉ በእርግጥ ሞቶ ገንዘቡም ካልተገኘ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፓወርቶይስ ጊዜ ይገዛልናል። ኪቦርድ ማኔጀር በሚለው ክፍሉ የሞተውን ፊደል ወደማንጠቀምበት ቁልፍ ማዛወር ይቻላል። ሳይነካ ራሱ የሚጽፍ ቁልፍም እዚያው ይዘጋል። ሪሰርቹን በዚህ ጽፎ ማስረከብ ይቻላል።

መቀየሩ የግድ ከሆነ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዘን እንሂድ። ቆየት ያሉት ዴል ላቲቲውዶች ኪቦርዳቸው ጥቂት ብሎን ተፈትቶ የሚወጣ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ግን ኪቦርዱ ከላይኛው ክዳን ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ሥራውም ዋጋውም ይለያል፤ አስቀድመን እንጠይቅ። ፋይሎቻችንን ወደ ፍላሽ እንገልብጥ፣ ፓስወርድ ጽፈን አንስጥ። ሥራው ሲያልቅም ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ኖትፓድ ከፍተን እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ሁለቱንም ሺፍት ጨምሮ፣ እዚያው ቆመን እንሞክር።