በጣና ላይ በጀልባ
ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። በስፋቱ ልክ ግን ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የውሃውን መውረጃ በደቡብ በኩል ዘጋው፤ ሐይቁም ከዚያ ግድብ ጀርባ ተጠራቀመ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል። በተፈጥሮ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው፤ መውጫውም ባሕር ዳር ከተማ ጥግ ላይ ይገኛል።

በሐይቁ ውስጥ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ሃያ ያህል ገዳማትና አድባራት በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ተቀምጠዋል። መነኮሳቱ ደሴትን የመረጡት ለጸሎት ጸጥታ ፍለጋ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው አጥርም ነበር። በጦርነት ዘመን የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ሲዘረፉ ብራናው፣ መስቀሉና ዘውዱ ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሽ ነበር። ዛሬ አንድ ጎብኚ በጀልባ ሄዶ የሚያያቸው ቅርሶች ከዚህ ዘመን የደረሱት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ከባሕር ዳር ነው። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎችና ከጀልባ ማቆሚያዎች ባለሞተር ጀልባ በኪራይ ይገኛል። ጣሪያው ሸራ ወይም ቆርቆሮ፣ መቀመጫው በሁለት ጎን የተዘረጋ አግዳሚ፣ ሞተሩ ከኋላ የተገጠመ ነው። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ሆኖ መሄድ ለኪስ ይቀላል። የየገዳሙ መግቢያ ግን ለብቻው ይከፈላል። ከመሳፈር በፊት የሕይወት አድን ጃኬት በሁሉም ልክ መኖሩን ማየት የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ለነሱ የሚሆን መኖሩን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

የመነሻ ሰዓቱን የሚወስነው ነፋስ ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል። ጣና ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ሆኖ ጀልባውን ከፊት ይደበድባል፤ ተሳፋሪውም ይረጥባል። ልምድ ያላቸው ጀልባ ነጂዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣትን የሚመርጡት፣ ሩቁን ደሴት አስቀድመው ቅርቡን ለመመለሻ የሚተዉት ለዚህ ነው። የውሃው መጠንም እንደ ወቅቱ ይለያያል። ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ ከዝናቡ በፊት ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ስለሚል በአንዳንድ ማረፊያዎች ጀልባው ከዳር መድረስ ያቅተውና ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ ይወረዳል።

በጀልባው መስመር ላይ ሞተር የሌለው ሌላ ተጓዥ ይታያል፤ ታንኳ። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ ተጠቅልሎ በራሱ ልጥ እየተጠፈረ ይታሰራል። ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። መሐሉ ላይ ቀዛፊው የሚቀመጥበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረባል፤ ምክንያቱም ታንኳ ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ የሚደፈንበት ዕቃ ሳይሆን ራሱ የሚንሳፈፍ እሥር ነው፤ ከታች ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያጠለቀ ይገፋል። ከጉዞ መልስ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ያም ሆኖ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ይህን ጥበብ ይዘው የኖሩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ማገዶና ዓሣ ዛሬም በታንኳ ይጫናል። ደሴቶቹን ሊያይ የመጣ ሰው ታንኳ ሠሪ ሲሠራ ካጋጠመው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ቢመለከት አይቆጨውም።

ቅርቡ ዙር የዓባይን መውጫ፣ ክብራን ገብርኤልንና እንጦስ ኢየሱስን ያካትታል። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስለማይጠፋ ነጂው ፍጥነት ቀንሶ በርቀት ያልፋል። ክብራንና እንጦስ ጎን ለጎን ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባበትም፤ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሁሉንም ያስተናግዳል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚጓዙ ሰዎች ይህን ቀድመው ቢያውቁ፣ ከደረሱ በኋላ ግማሹ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ ይድናል።

የአብዛኛው ሰው መዳረሻ ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ሳይለመድበት የኖረ አገር ነው፤ ደኑ ሳይመነጠር የቆየውም በዚህ ነው። ሕዝቡ በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ይተዳደራል። ከማረፊያው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡናው መሐል ያልፋል፤ ጦጣዎች ከላይ ይዘላሉ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ ይወለቅና መጀመሪያ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ይገባል። ዓይን የሚያርፈው ግን ከፊት በቆመው የመቅደስ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ የተሣሉት በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ክፉዎች ግን በአንድ ጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ ሆነው ይሣላሉ። ይህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ነው፤ ደንቡን የያዘ ሰው የማያውቀውን ታሪክ እንኳ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይችላል። በላዔ ሰብእም እዚያ አለ፤ 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው። እዚህ መቸኮል አይገባም። አስጎብኚው ሥዕሉን በዘንግ እየጠቆመ እስኪጨርስ መታገሥ፣ ከዚያም ብቻን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ይሻላል።

ሩቁ ዙር ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በሐይቁ መካከል ትልቁ ደሴት ደቅ አለ። በምዕራብ ዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል፤ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕልም በዚያው ነው። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ከውሃው ይነሣል። በዚያ የነገሥታቱ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አጽም እንደሚገኝ ይታመናል። ወደ ዳጋም ሴት አትወጣም። በምሥራቅ በኩል ያለው ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈችበት መሆኑን ትውፊቱ ይናገራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ነጂ ቢኖርም ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

የጀልባ ጉዞ ሲባል ዋና ትዝ የሚለው ሰው በጣና ላይ ልቡን መግታት አለበት። በደንገልና በሣር በተሸፈነው ዳርቻ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ፤ ጉማሬውም አለ። መዋኘት ዋና ዓላማው የሆነ ሰው የላንጋኖን ሐይቅ ይምረጥ።

በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው አረም በደምቢያና በፎገራ በኩል የውሃውን ፊት ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስቸግሯል። የሐይቁ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ የጎብኚውን ቁጥር ስለቀነሰ፣ ከጀልባና ከአስጎብኚነት በሚገኝ ገቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ተጎድተዋል። ጉዞ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ባሕር ዳር ካለ ሰው ያጣራ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ አንድ ገዳም ከዘጌ፣ አንድ ከደሴቶቹ መርጦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሣ።