ታኮ የተጫማ ወንድ፦ የሚባለውና እውነቱ

አባቴ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተነሳው አንድ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ከጀርባው በቀለም የተሳለ ሐይቅ ይታያል። ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ቤልቦተም ነው። ከሱሪው ሥር ብቅ ያለው ጫማ ሶሉ ሁለት ጣት ይወፍራል፤ ታኮው አንድ ጋት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቤታችን የገባ እንግዳ ይህን ፎቶ አይቶ «ዘናጭ ነበሩ እኮ!» ሳይለው አይወጣም።

የላቲን ዳንስ መማር ጀምሬ አራት ሴንቲ ሜትር ታኮ ያለው ጫማ ገዝቼ የገባሁ ቀን፣ አክስቴ ከዚያው ፎቶ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጫማውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ የሴት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አገር የሚለውን ነው ያሉት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወንድና ስለ ታኮ የሚባለውን ማጠራቀም ያዝኩ። ከሰማሁት ውስጥ ጭራሽ ስህተት የሆነው ብዙም አያሳስበኝም። ሰው የሚጎዳው ግማሹ እውነት በሆነው ነው።

«ታኮ ከጥንትም የሴት ነው»

ታሪኩ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። ከፍ ያለ ታኮ ጎልቶ የምናገኘው በፋርስ ፈረሰኞች እግር ላይ ነው። በቀስት የሚዋጋ ፈረሰኛ ሁለት እጁ ተይዟል። ሊወረውር ከኮርቻው ብድግ ሲል የሚቆመው በእርካቡ ላይ ነው፤ ታኮው እርካቡን ነክሶ ይይዝለታል፣ እግሩም አልፎ እንዳይሾልክ ያግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1599 ቀዳማዊ ሻህ አባስ በኦቶማን ቱርክ ላይ አጋር ፍለጋ መልእክተኞች ወደ አውሮፓ ላከ። የፋርስ ነገር በቤተ መንግሥታቱ ተወደደና መኳንንቱ ታኮውን ከፈረስ አውርደው አዳራሽ አስገቡት። ሴቶች የተከተሉት ቆይተው፣ በ1630ዎቹ የወንድ አለባበስ መዋስ ፋሽን በሆነበት ጊዜ ነው። ቶሮንቶ የሚገኘው የባታ ጫማ ሙዚየም ባለሙያ ኤልዛቤት ሴመልሃክ ይህን ታሪክ ለዓመታት አጥንታለች። ሙዚየሙም በ2015 ስለ ወንዶችና ታኮ ብቻ የሚተርክ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር።

ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ሠዓሊው ኢያሳንት ሪጎ በ1701 የሳለው የሉዊ ዐሥራ አራተኛ ምስል አለ። ንጉሡ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ካባውን ገለጥ አድርጎ ነጭ ካልሲ የለበሰ ባቱንና ቀይ ታኮውን ያሳያል። ቀይ ታኮ በእሱ ቤተ መንግሥት የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ማንም ተነስቶ አያደርገውም።

የእኛስ ፈረሰኛ? የድሮ ኢትዮጵያዊ ጋላቢ በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልበው። እርካቡ አውራ ጣቱን ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ነበረች። በጣቱ ቆንጥጦ የሚይዝ ሰው ታኮ ምን ያደርግለታል? ታኮ ከወንድነትም ከሴትነትም ሳይሆን ከእርካቡ ቅርጽ የተወለደ ነገር መሆኑን እንደዚህ ንጽጽር ያሳመነኝ የለም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ወንዶች ታኮውን ተዉት። ግን ጨርሶ አልጠፋም። የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ቦት ጫማ እስከ ዛሬ አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር ታኮ አለው፤ ምክንያቱም ያው እርካብ ነው። የፍላሜንኮ ወንድ ዳንሰኛ መሬቱን የሚመታው በታኮ ነው። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባለ ታኮ ቦት አድርገው ዓለምን ዞሩ፤ በ1977 ጆን ትራቮልታ በፊልም ላይ በወፍራም ሶልና በታኮ ጨፈረ። ሙዚቀኛው ፕሪንስ ካረፈ በኋላ በ2021 ሚኒሶታ በሚገኘው ፔይስሊ ፓርክ ለሕዝብ የታዩት በልኩ የተሠሩ ጫማዎቹ ከ300 ጥንድ በላይ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ ፈልጌ አላገኘሁም። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመድረክ፣ አንዱ ለቁመት፣ አንዱ ደግሞ ደስ ስላለው ብቻ ይጫማል። የሰውን ማንነት ከታኮው ቁመት አነባለሁ የሚል ሰው ሰውዬውን ቢጠይቀው ይሻላል።

«የወንድ አካል ለታኮ አልተሠራም፤ መራመድም አይችልበትም»

የማንም አካል ለታኮ አልተሠራም። ቁርጭምጭሚት ውስጥ፣ በቅልጥም አጥንቶች መሃል የሚገባው አጥንት ከፊቱ ሰፊ፣ ከኋላው ጠባብ ነው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ስንቆም ሰፊው ወገን ገብቶ ጥርቅም ይላል። ተረከዝ ከፍ ሲል ግን ጠባቡ ወገን ይገባና መገጣጠሚያው እንደ ላላ ሽብልቅ ይሆናል። ወለም የሚለንም ለዚህ ነው። ይህ በሴትም በወንድም አንድ ነው። ልዩነቱ ልምምድ ነው፤ ብዙ ሴቶች ከልጅነት ጀምረው ቀስ በቀስ ይለምዱታል፣ ወንዱ ግን በአርባ ዓመቱ በአንድ ምሽት ሊችለው ይፈልጋል።

አረማመዱ ራሱ ከባድ አይደለም። እርምጃ ማሳጠር ነው፤ ወንዶች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ የለመዱትን ረጅም እርምጃ ሲራመዱ ነው። ታኮው ቀድሞ በቀስታ ይነካል፣ የፊት እግር ወዲያው ይከተላል። ሁለቱን እኩል ዱብ ማድረግ እንደ ፈረስ ኮቴ ያስጮኻል፣ ጉልበትንም ያናጋል። ዓይን ጫማው ላይ ሳይሆን አራት አምስት እርምጃ ፊት ለፊት ይሁን። ወገብን ወደ ኋላ መቀልበስ አያስፈልግም፤ ሆድን ሰብሰብ አድርጎ ክብደትን በእግሩ መሃል መያዝ ይበቃል። ደረጃ ሲወጡ በፊት እግር መርገጥ፣ ሲወርዱ ግን እግርን ትንሽ ገደድ አድርጎ ሙሉ በሙሉ ማሳረፍና መደገፊያውን መያዝ ነው። አባቴን በዚያ ጫማ እንዴት ትሄድ እንደነበር ስጠይቀው የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁልቁለት ላይ አልቸኩልም ነበር።»

ቀጭን ታኮ ያደረገ ሰው ኮብልስቶን ላይ ይጠንቀቅ፤ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት ታኮውን ይውጠዋል። አዲስ ጫማ ደግሞ ሶሉ ያንሸራትታል። ለመንገድ የሚሆነውን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግ ወይም ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ስስ ጎማ ማስለጠፍ ነው። ጀማሪ ከሦስትና ከአራት ሴንቲ ሜትር ተነስቶ በቀን ሃያ ደቂቃ ቤቱ ውስጥ ይራመድ። ሰውነቱ ሲለምድ ከፍታውን ይጨምራል።

«ቁጥሩ ከሆነልኝ ጫማው ይሆነኛል»

ይህን በእግሬ ነው የከፈልኩበት። አንድ የመድረክ ዝግጅት ላይ ጫማዬ ተበጠሰና ከአንዲት የዳንስ ጓደኛዬ 42 ቁጥር ተውሼ አደረግሁ፤ የእኔም ቁጥር 42 ነው። ሦስት ዘፈን ጨፈርኩበት። ሌሊቱን እግሬ ውሃ ቋጥሮ አደረ፤ ሁለቱ የአውራ ጣት ጥፍሮቼ ጠቁረው በወሩ ወለቁ።

በእኛ ገበያ የለመድነው የአውሮፓ ቁጥር የሚለካው የጫማውን ቅርጽ ርዝመት ብቻ ነው። አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 42 ማለት 28 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ማለት ነው። ስለ ስፋቱ ቁጥሩ የሚነግረን የለም። ለሴት የሚሠራው ቅርጽ በአብዛኛው ጠበብ ያለ ነው፤ የወንድ እግር ደግሞ ርዝመቱ እኩል ሆኖም ጣቶቹ ሥር ሰፋ ይላል። ስለዚህ ጫማ ሲለኩ ቆሞ ጣትን ማንቀሳቀስ መቻሉን ማየት ይገባል። ማታ፣ እግር ከቀኑ ውሎ ሲያብጥ መለካት ደግሞ የበለጠ እውነቱን ያወጣል።

«እንግዲያው አንድ ቁጥር ከፍ ላድርግ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ስፋት ያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ ታኮ ጫማ ቁልቁለት ነው። ጫማው ሲረዝም እግር ወደፊት ይንሸራተትና ጣቶች ጫፉ ላይ ይታጨቃሉ፣ ተረከዙም ከኋላ ይወጣል። መፍትሔው በስፋት የተሠራ፣ ቢቻል ማሰሪያ ያለው ጫማ መፈለግ፣ ካልተገኘም በልክ ማሠራት ነው። «ቆዳው ይለቃል» ለሚሉ ሻጮችም መልሱ ይኸው፦ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፣ ርዝመቱ ግን አይጨምርም።

የክብደትም ነገር አለ። በጥሩ ጫማ ሶል ውስጥ፣ ውስጥ እግራችን ቅስት የሚሠራበት ቦታ ላይ፣ ጫማው እንዳይታጠፍ የሚይዝ ቀጭን ብረት ይሄዳል። እስቲሌቶ በሚባለው ቀጭን ታኮ ውስጥም ብረት አለ። ይህ ለ60 ኪሎ ሰው ታስቦ ከተሠራ 90 ኪሎ የሆነ ሰው ሲጨፍርበት ላይችል ይችላል። በእንግሊዝ ኖርዛምፕተንሻየር አንድ የወንዶች ጫማ ፋብሪካ ገበያው ሲቀዘቅዝበት ወንዶች የሚያደርጉትን ባለ ረጅም ታኮ ቦት ወደ መሥራት ዞሮ ነበር። በ2005 የወጣው «ኪንኪ ቡትስ» ፊልም ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው፤ በፊልሙም ውስጥ የሴት ታኮ በወንድ ክብደት መሰበሩ ነው ነገሩን የሚያስጀምረው። ስሌቱ ቀላል ነው። 75 ኪሎ ሰው ሙሉ ክብደቱን አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነች የታኮ ጫፍ ላይ ቢያሳርፍ፣ 75 ኪሎው በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ነው። በአምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር የቦት ታኮ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ሦስት ኪሎ ነው።

«ወፍራም ታኮ አይጎዳም»

ለቁርጭምጭሚት እውነት ነው፤ ሰፊ ታኮ በቀላሉ አይዘምም። ለጉልበት ግን አይደለም። በ2001 ዲ. ኬሲ ኬሪጋንና ባልደረቦቿ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ባለ ሰፊ ታኮ ጫማም እንደ ቀጭኑ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚጨምር አሳይተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በሴቶች ላይ ቢሆንም ጉልበታችን የሚታጠፈው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ከፍታ ሲለካ ደግሞ ከፊት ያለው የሶል ውፍረት ይቀነሳል። 12 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከፊቱ 4 ሴንቲ ሜትር ሶል ካለው፣ እግር የሚሰማው ቁልቁለት 8 ነው። የአባቴ ዘመን ጫማ እንደሚያስፈራው ያህል ያላሰቃየው ለዚህ ነው። ጫማ ውስጥ ተደብቆ የሚገባው ቁመት መጨመሪያም ታኮ ነው። እንዲያውም ተረከዝን ከጫማው አፍ አውጥቶ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ጫማው እግርን በደንብ አይይዘውም።

«ከለመዱት ሕመም የለውም»

ይህን እባካችሁ አትቀበሉት። ሰውነት ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን ራሱን አሳጥሮ ነው። በ2010 በታተመ የማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ታኮ ለዓመታት አዘውትረው ያደረጉ ሴቶች የባታቸው ጡንቻ ክሮች 13 በመቶ ገደማ አጥረው፣ የተረከዛቸው ጅማትም ወፍሮና ደርቆ ተገኝቷል። ጠፍጣፋ ጫማ ሲያደርጉ የሚያማቸው ለዚህ ነበር። እንዲህ የሆነ ሰው ታኮውን በአንድ ቀን ከመጣል ቀስ በቀስ ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል። እኔ ከልምምድ በኋላ ደረጃ ጫፍ ላይ በፊት እግሬ ቆሜ ተረከዜን ወደ ታች እለቃለሁ፤ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ታኮውንም በየቀኑ አላደርግም። ጣት ሥር የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ ማውለቅ ነው፤ ካልተወ ሐኪም ማየት። ወለም ያለው እግር አብጦ መርገጥ ካቃተ፣ ወጌሻ ከመንካቱ በፊት በራጅ ይታይ።

«ጫማ ሲያረጅ ነው ጫማ ሰፊ ዘንድ የሚኬደው»

ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ በሸራ ጥላ ሥር የሚሠራ ወጣት ጫማ ሰፊ አለ። መጀመሪያ የወሰድኩለት ቀን ታኮውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ዘግይተዋል። ጎማዋ አልቃ ታኮው ራሱ እየተበላ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የታኮ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ለማለቅ የተሠራች ናት። ሳትጨርስ ካስቀየሯት ወጪው ትንሽ ነው፤ ታኮው ከተበላ ግን ቁመቱ ያጥራል፣ ጫማው ይዘማል፣ ከላይ የተለበጠውም ቆዳ ይቀደዳል። ያረጀችውን በጉጠት ነቀላት፣ የታኮውን ፊት ሞረደ፣ ማስቲሽ ቀብቶ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ አዲሲቷን ለጥፎ በመዶሻ ቀጠቀጣት፣ ትርፉን በቢላ ዙሪያውን ከረከመ።

ዝናብ የነካውን ጫማ ፀሐይ ላይም ከሰል አጠገብም እንዳላስቀምጥ የነገረኝ እሱ ነው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀለም መቀባት ነው። ላብም ውሃ ስለሆነ አንድ ጫማ ሁለት ቀን በተከታታይ አላደርግም።

ያን ቀን የግራውን ብቻ ነበር የወሰድኩለት፤ ቀኙ ገና ደህና መስሎኝ። ሠርቶ ሲጨርስ አልሰጠኝም። «ሌላኛውንም ያምጡት፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ ከሄዱበት ወገብዎን ያምዎታል» ብሎ ጫማውን ከሳጥኑ ሥር አስቀመጠው። ቤቴ ሄጄ ቀኙን ይዤ ተመለስኩ።