ተጨማሪ መረጃ፦ ከክፍያው ጀርባ ያለው ወጪ

የአሜሪካዋ ቴነሲ ክፍለ ግዛት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ ወጣቶች በሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩ ፈቀደች። የአዲስ ገቢዎች ቁጥር ወዲያው ጨመረ። የመጽሐፍ፣ የትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ወጪ ግን ከተማሪው ጫንቃ አልወረደም።

በአገራችን ጉዞው የተገላቢጦሽ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር፤ ደንብ ቁጥር 91/1995 የወጪ መጋራትን አመጣ። ተማሪው በአብዛኛው የሚከፍለው ሲገባ ሳይሆን ተመርቆ ደመወዝ ሲያገኝ ነው። ዕዳ ቢሆንም የድሃውን ልጅ ገና ከበር አይመልሰውም፤ ብልህ አሠራር ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከማሻ ወደ ቴፒ ወይም ወደ ሚዛን ለሙያ ሥልጠና የሚሄድ ልጅስ? ግቢ ውስጥ መኝታ ካላገኘ ቤት ይከራያል፣ ስንቅ ከቤተሰቡ ያስልካል። በዚያ ላይ በቡና አብቃይ ቀበሌዎች የለቀማው ወቅት ከመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጋር ይገጥማል፤ ወላጅ ብር ብቻ ሳይሆን ለቃሚ እጅም ያጣል። ኮሌጁ ክፍያውን ቢሰርዝ እንኳ ይህን ኪሳራ አይነካውም። የትምህርት ካሌንደሩን ከለቀማው ጋር ማስማማት ምናልባት ከነጻ ትምህርቱ ያላነሰ ይረዳው ይሆናል።