ሞፈር የማይገባበት ጓሮ

ከአንበሳሜ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው መጨረሻው ጣና ነው። ደራ ወረዳ ሐይቁን የሚነካው በዚህ በኩል ሲሆን፣ ቆራጣም በዚሁ በምሥራቁ ዳርቻ ትገኛለች። የደራ ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ኑሮ አለ። በዚያ ጥማድ አይታይም፣ ሞፈርና ቀንበርም አይገቡም። የዘጌ ገዳም ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም ለአካባቢው ሰው የሰጡት ሦስት ተክል ነው፤ ጌሾ፣ ቡናና ሎሚ። ሕዝቡም ሳያርስና ከብት ሳያረባ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን አለ ይባላል።

ክልከላው በግብርና ዐይንም ቢታይ ያስኬዳል። ቡና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት ከአፈሩ ገጽ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ስለሆነ፣ ማረሻ የነካው ቡና ይጎዳል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሆኑታል፤ የሚረግፈው ቅጠላቸው እዚያው በስብሶ አፈር ይሆናል። ብርብራ ደግሞ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጂንን ከአየር ይዞ ለአፈሩ ያተርፋል። (የዚሁ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ጣና ላይ ዓሣ ማደንዘዣ ሲሆን ኖሯል፤ ደግ ዛፍ ነው ብሎ ፍሬውን መቅመስ አያዋጣም።) ገዳማውያኑ ስለ ናይትሮጂን የሚነግራቸው ሳይኖር ጫካውን ሳይመነጥሩ ከሥሩ ጓሮ አበጁ።

የሚገርመው የቡናው ነገር ነው። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና ለረጅም ዘመን የሙስሊሞች መጠጥ ተብሎ ሲታቀቡት የቆየ ነው፤ እንደ ልብ መጠጣት የተጀመረው ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም። ቡናውን በጉያው ይዞ ያኖረው ግን የገዳም ደን ነው።

ከሦስቱ ለእኔ የሚበልጠው ጌሾ ነው። ቡና ዓለምን የዞረ ስመ ጥር ሆኖ ሳለ ጌሾን ማንም አያሞግሰውም፤ በየቤቱ ግን ጋኑ ያለ እሱ አይጠነሰስም። ቁጥቋጦው ሲተውት እስከ ስድስት ሜትር ያድጋል። አበባው ትንሽና አረንጓዴማ ስለሆነ ሰው አያየውም፣ ንብ ግን አታልፈውም። ፍሬው መጀመሪያ ቀይ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ወዛም ሆኖ ስለሚኖር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጠላ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ለአጥርና ለጌጥ ይተክሉታል። እኛ ደጃፋችን ላይ አቁመነው ለጌጥ አለመቁጠራችን ያሳዝነኛል።

ለጠላ የሚፈለገው በይበልጥ ቅጠሉ ነው፤ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያም በታጠነ ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ብቅሉና ቂጣው ተከትለው ይገባሉ፤ ድፍድፉ በኋላ ነው። ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ተከታትፎ ከብርዙ ጋር ይዋሃዳል። ምሬቱን የሚሰጠው ኬሚስቶች ጌሾይዲን ብለው የሰየሙት ንጥረ ነገር ነው። ምሬቱ የማርን ጣፋጭነት ያርቃል፤ ጌሾው መጠጡን የሚያበላሹ ተህዋስያንንም ይገታል፣ እርሾውን ግን ሥራውን አያስተወውም። ቢራ ጠማቂው ሆፕስ የሚጨምረው ለዚሁ ጉዳይ ነው።

ተክሉ ለባለቤቱ አያስቸግርም። ዘሩ የሚወሰደው በደንብ ከበሰለ ፍሬ ነው፤ ሥጋው ታሽቶ ይወጣና ዘሩ ጥላ ባለው መደብ ላይ ይዘራል፣ ችግኙ ክረምት ሲገባ ይተከላል። ጫፉ ሲቆረጥ ወደ ጎን ይንዠረገጋል፤ ለቃሚም ቁመቱ ከእጅ ባይርቅ ይመርጣል። አንዱን ቅርንጫፍ ሙልጭ አድርጎ መግፈፍ ግን ተክሉን ያቀጭጨዋል።

ታዲያ ደራ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ከዘጌ ምን ይውሰድ? ብዙው አሁን ባሕር ዛፍ ይደረድራል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ ጫት እየተስፋፋ ነው። ሁለቱም ብር ያመጣሉ፣ አልክድም። ባሕር ዛፍ ግን ከሥሩ ሌላ ተክል በደህና አያበቅልም፤ ዋንዛ ያለው ጓሮ በአንድ መሬት ላይ ጣውላውንም፣ ቡናውንም፣ ጌሾውንም ይሰጣል። ዋንዛ ቶሎ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ መሆኑም ይረዳል። ጓሮው ጠባብ ለሆነበት ሰው አጥሩን ጌሾ ማድረግ ይበቃዋል።

ለከፍታ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሦስቱም ተክሎች እዚያ ይመቻቸዋል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቡናና ሎሚ ብርዱን አይችሉትም፤ ውርጭ አንድ ሌሊት ቢመታቸው ቅጠላቸው ይጠቁራል። ጌሾ ግን ደጋውን ስለሚለምድ ወደ ጉና ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ ሰውም ሊተክለው ይችላል፤ ከአንበሳሜ ወደ ሐይቁ ዝቅ ያለው ገበሬ ሦስቱንም ይሞክር።