የጎጃም ውሃ፣ የአገሪቱ ኃይል፣ የገጠሩ ምድጃ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከታዳሽ ምንጮች የሚገኝ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ውሃ ነው። ለዚህም የጎጃም ምድር ባለውለታ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ጣና ይገባል፤ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚፈሱት ላህና ብር፣ እንዲሁም በቡሬ በኩል የሚወርደው ፈጠም መድረሻቸው ዓባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ሆነ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የሚንቀሳቀሱት በዚሁ ተፋሰስ ውሃ ነው።

ይሁንና ኃይሉ ታዳሽ መሆኑ ብቻውን አስተማማኝ አያደርገውም። በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉ የሚታወስ ነው። ክረምትና በጋ የማይለየው የከርሰ ምድር እንፋሎት ተፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ኬንያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን የምታገኘው ከዚሁ ነው። በአገራችን በ1990ዎቹ የተተከለው አሉቶ ላንጋኖ ግን አቅሙ 7 ነጥብ 3 ሜጋ ዋት ብቻ ከመሆኑም በላይ ለረጅም ጊዜ ሥራ አቁሞ ቆይቷል።

እንፋሎቱ በጎጃም ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቁ አይጠፉም። በደራ ወረዳ እንደሚገኘው ዋንዛዬ ያለ ፍል ውሃ መኖሩ ግን ብቻውን ለኃይል ማመንጫ አያበቃም፤ ከፍተኛ ሙቀት፣ ውሃና ውሃ የሚያሳልፍ ዓለት በቅርብ ጥልቀት ሊገናኙ ይገባል። ይህ በአገራችን በዋነኛነት የሚታየው በስምጥ ሸለቆ ነው። ስለሆነም የስምጥ ሸለቆው እንፋሎት ቡሬ የሚደርሰው በብሔራዊው የኃይል መረብ አማካይነት ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የመሰሉ ተቋማት የማይቆራረጥ ኃይል ስለሚሹ ጉዳዩ ለአካባቢው ሩቅ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ግን የገጠሩ ምድጃ ነው። በሪፖርት መብራት የገባለት ተብሎ የሚመዘገብ ቀበሌ እንጀራውን የሚጋግረው በአብዛኛው በባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት፣ በኩበትም ነው። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያ ያጣል፤ የተራቆተውም አፈር በጎርፍ ተጠርጎ ግድቦቹን ይሞላል። የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የባዮ ጋዝ ፕሮግራም ለዚህ ሁነኛ መልስ ነበር፤ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ ዝቃጩ ወደ ማሳ ይመለሳልና። ነገር ግን በቂ ከብትና በየዕለቱ ውሃ ይፈልጋል፤ ተራው የጋዝ ምድጃም ወጥ እንጂ እንጀራ አያበስልም። ለምጣዱ እስካሁን ቀላሉ አማራጭ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨት የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ ነው።