በብስክሌት አገር ለማየት፦ ከአዲሱ ገበያ የሚነሳ ዕቅድ

ከአዲስ አበባው አዲሱ ገበያ ወደ ሰሜን የሚወጣው አስፋልት የጎጃም መንገድ ነው። ድል በርን አልፎ የእንጦጦን ምዕራባዊ ትከሻ ይሻገርና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ይህ ዳገት የውኃ ወሰንም ነው። ከእንጦጦ በስተደቡብ የዘነበው ዝናብ ወደ አዋሽ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ይቀራል፤ በስተሰሜን የዘነበው ደግሞ ሙገርን ተከትሎ ዓባይ ይገባል። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ወሰን ሳያውቀው ያልፈዋል። በብስክሌት የሚሄድ ግን እያንዳንዱን ሜትር ሽቅብ በትንፋሹ ይከፍላል።

ስለዚህ አገሩን በብስክሌት ለማየት ያሰበ ሰው ካርታ ዘርግቶ ኪሎ ሜትር ከመደመሩ በፊት ሌሎች ነገሮችን ማጣራት አለበት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሰላም፣ ወቅት፣ ከፍታ። ርቀት የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሰላሙን መጠየቅ

የጎጃም መንገድ ለብስክሌተኛ ከአገሪቱ ውብ መስመሮች አንዱ ነው። ደብረ ሊባኖስን፣ የዓባይን በረሃ፣ ደብረ ማርቆስንና ጣናን በአንድ ክር ያያይዛል። ሆኖም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት አለ። በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያም (በሰላሌ) በዚሁ መንገድ ላይ መንገደኞች ታግተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተማሪዎች ከተሳፈሩበት አውቶቡስ ላይ ተወስደዋል። ስለዚህ ሰላሙ እስኪረጋገጥ ድረስ ዓባይን በብስክሌት መሻገር በዕቅድ ደብተር ላይ ይቆይ።

ሌሎቹም መስመሮች ቢሆኑ ሳይጠየቅ አይወጣባቸውም። አስተማማኙ ዜና ያለው ትናንት በመንገዱ የተመላለሰ ሹፌር ዘንድ ነው። መናኸሪያ ሄዶ ሁለት ሦስት ሹፌሮችን ለየብቻ መጠየቅ፣ በሚታደርበት ከተማ ወዳለ ዘመድ ወይም ሆቴል መደወል፣ መታወቂያ መያዝ፣ ኬላ ላይ ሲደርሱ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ይገባል። ሹፌሮቹ «ተዉት» ካሉ መተው ነው።

ወቅቱ

ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። በእነዚህ ወራት ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ የደጋውን አስፋልት ያንሸራትታል፤ ጭጋጉ ደግሞ ብስክሌተኛውን ከከባድ መኪና ሹፌር ዓይን ይሰውረዋል። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ማሳው ገና አረንጓዴና ቢጫ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አቧራውም ያልተነሳ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም የሱሉልታና የጫንጮ ሜዳ ጠዋት ጠዋት በውርጭ ይመታል። ጓንት የሌለው ሰው ፍሬን የሚይዝበት ጣት ያጣል።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ በጋም ሆነ ክረምት ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት አልጋ ይዞ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ለተነፈሰ ጎማና ለተሳሳተ መንገድ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። በጨለማ በብስክሌት መጓዝ በየትኛውም መስመር አይመከርም።

የዳገት ሒሳብ

ዕቃ የጫነ ተራ ብስክሌተኛ በሜዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሽቅብ ሲሆን ግን የሚቆጠረው የተወጣው ከፍታ ነው፤ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ይህን ለማየት የዓባይ በረሃን የሚያህል ምሳሌ የለም። ከሸለቆው ወዲህ ያለችው ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ድልድዩ ያለበት የሸለቆው ወለል ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከድልድዩ ማዶ እስካለችው ደጀን ደግሞ ሌላ 20። በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በካርታ ላይ ያየው ሰው «የሦስት ሰዓት መንገድ» ይላል። ነገር ግን ወደ ደጀን የሚወጣው ግማሽ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ አለው፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በ400 ሲካፈል ብቻውን ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ሙቀቱም አለ። በየ1,000 ሜትር ዝቅታ አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይሞቃል። ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬት ለብሶ የወረደ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ተጨምሮበት ይቀበለዋል። ላይ ጤፍ፣ ታች ማሽላ፤ በአንድ ጠዋት ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ የሚገኘው ከዚህ ሙቀት መሐል ነው፤ ጠባቂ ስላለው ሳይፈቀድ ፎቶ አይነሳም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ድረስ የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ በኢትዮጵያ ሲያልፍ ይህን ዳገት ለብቻው በሰዓት የሚለካ ውድድር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። አዲሱ ገበያ ባለበት ጉለሌ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ የዕለት ኑሮው ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ግን ቦሌ በደረሰ ማግስት ፔዳል መርገጥ የለበትም፤ ጥቂት ቀን ይረፍ፣ ከዚያ በአጭሩ ይጀምር።

የሰሜኑ መስመር፦ እስከ ደብረ ሊባኖስ

ለጀማሪ የመጀመሪያው ፈተና ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ደርሶ መመለስ ነው። ርቀቱ አንድ ወገን 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ጡንቻ ሳይሞቅ ዳገት ይጀምራል። እንጨት የተሸከሙ እናቶችን፣ የተጫኑ አህዮችንና ተሳፋሪ ለመሻማት ድንገት ጥግ የሚይዙ ሚኒባሶችን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ሜዳ ነው፤ ማለዳ የደረሰ ሰው በቡድን ሲሮጡ ያገኛቸዋል። ጫንጮ ድረስ የቀጠለ ደግሞ ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጫንጮ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደርባና ወደ ሙገር ገደል ያወጣል፤ የሲሚንቶ መኪኖች የሚመላለሱበት ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል።

ሰላሙ የተረጋገጠ እንደሆነ የዚህ መስመር ትልቁ ግብ ደብረ ሊባኖስ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለሁለት ቀን ከፍሎ ሙከ ጡሪ አካባቢ ማደር ይሻላል። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ገደሉ ሲወረድ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ገዳም ይገኛል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በእንደራሴው በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን የጨፈጨፈው በዚህ ነው። በአቅራቢያው ገደል አፋፍ ላይ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ በአፄ ምኒልክ አጎት በራስ ዳርጌ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በዚያው አፋፍ ሣር ሲነጩ ይታያሉ።

የገዳሙ ዓመታዊ በዓላት ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ናቸው። በዓሉን ለማየት የፈለገ ሰው አልጋ አስቀድሞ ይያዝ፤ ጸጥታ የፈለገ ደግሞ እነዚህን ቀናት ይሽሽ፤ መንገዱ በአውቶቡስና በእግረኛ ይሞላልና። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት በብስክሌተኛ አጭር ሱሪ አይሆንም፤ ረጅም ልብስና ነጠላ ከሻንጣ አናት ላይ ይቀመጥ።

የደቡቡ መስመር፦ ከመልካ ቁንጥሬ እስከ ሐዋሳ

ብዙ ቀን ላለውና ትልቅ ገደል ለማይፈልግ ሰው የቡታጅራ መንገድ ይመቻል። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ከተማውን ቁልቁል አቋርጦ በዓለም ገና ይወጣል። ከከተማ 50 ኪሎ ሜትር ላይ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለ፤ የጥንት ሰዎች እስከ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ የሚዘልቅ የድንጋይ መሣሪያ ጥለው የሄዱበት ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀጥሎ ጢያ ይመጣል። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች አብዛኞቹ ጎራዴና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሁለት ቀን ይከፈል። ከዚያ ወደ ባቱ (ዝዋይ) 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ቁልቁል ነው፣ ሐይቁ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛልና። ከሐይቁ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ቱሉ ጉዶ የማርያም ጽዮን ገዳም አለ። ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አሉ፤ ሻላ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጥልቁ ነው። ላንጋኖ ማደር ይህን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በስድስት ቀን ሳይጨነቁ ይደረስበታል፤ ሰባተኛው ቀን ለሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ይሁን።

ብስክሌቱና ስንቁ

ከሁሉ በፊት ፍሬን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ ከወረዱ ቸርኬው ግሎ ከለመዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። መፍትሔው የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ መያዝና በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ማርሹ በጣም ቀላል መሆን አለበት፤ በዳገት የሚያስወርድ ማርሽ ለከተማ እንጂ ለሰላሌ አይሆንም። ሁለት ትርፍ ከለመዳሪ፣ መንፊያ፣ ልጣፊ፣ የካቴና መፍቻና ዘይት ይያዙ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ለብስክሌት የሚሆን ቀጭን ከለመዳሪ ግን በየቦታው አይገኝም።

ለስንቅ በሶ የሚወዳደረው የለም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፤ በማርና በጨው ተበጥብጦ ሲጠጣ ጉልበትም ውኃም ይሰጣል። ቆሎና ሙዝ ይጨመርበት። ሱሉልታና ጫንጮ የወተት አገር ናቸው፤ በጾም ቀን ግን ሻይ ቤቱ ሽሮና በየዓይነቱ ብቻ ሊኖረው ስለሚችል ረቡዕና ዓርብን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ውኃ በደጋ ሁለት ሊትር፣ በቆላ ከሦስት ሊትር በላይ ይያዝ።

ከሰው ጋር

ብስክሌተኛ በዝግታ ስለሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ልጆች ይከተላሉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ያነሳል። ቀድሞ ሰላም ማለት ግማሹን ችግር ያስቀራል። በሰላሌ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ያለ እንግዳ ከረሜላ ከሚበትን ይልቅ ይወደዳል። ትልቅ ሰው ካለ መቆምና ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው፤ ልጆቹን የሚቆጣቸው እሱ ነው። ውሻ ሲመጣ መሸሽ ያብሰዋል፤ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መራመድ ይሻላል። ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ የመቅደም መብት ክርክር የለም፤ ጥግ ይያዙ።

መመለሻውም ይታቀድ

በብስክሌት የሄደ ሁሉ በብስክሌት መመለስ የለበትም። ለደብረ ሊባኖስ ቅርብ ከሆነችው ከፍቼም ሆነ ከሐዋሳ አውቶቡስ ላይ ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላ ማስጫን ይቻላል፤ የፊት ጎማውን ፈትቶ በገመድ ራስዎ ይሰሩት፣ ካቴናው ወደ ላይ ይሁን፣ ዋጋውንም ሳይጫን ይነጋገሩ።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን በአንድ እሁድ ጠዋት ነው። ሊጭኑ ያሰቡትን ዕቃ በሙሉ ጭነው ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ደርሰው ይመለሱ። ሰዓቱን ይመዝግቡ፣ ያልተጠቀሙበትን ዕቃ ቤት ያስቀሩ፣ ከዚያ በኋላ የረጅሙን ጉዞ ቀን ይቁረጡ። ያን ዳገት ሁለት ጊዜ ማረፍ ሳያስፈልገው የወጣ ሰው ለደቡቡ መስመር ደርሷል፤ ያልወጣ ደግሞ አንድ ወር ይለማመድ።