ለሞተር ሳይክል ለስላሳ ሻንጣ ስለ መምረጥና ስለ ማሰር

በሞተር ሳይክል ላይ የተጫነ ዕቃ በመኪና ላይ እንደተጫነው ዝም ብሎ አይጓዝም። ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሚዛኑን የሚጠብቀው በነጂው አካልና በራሱ ፍጥነት በመሆኑ፣ በላዩ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም በመታጠፊያ፣ ፍሬን ሲያዝና በኮረኮንች ላይ ጠባዩን ይለውጠዋል። ስለዚህ ሻንጣ የሚገዛ ሰው ምን ያህል ዕቃ እንደሚይዝለት ከመጠየቁ በፊት፣ ሻንጣው ታስሮ ሲያበቃ ከሞተር ሳይክሉ ጋር አንድ አካል ሆኖ የሚንቀሳቀስ መሆን አለመሆኑን ቢጠይቅ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ለስላሳ ሻንጣ የሚባለው ከወፍራም ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ከተቀባ ሸራ ተሠርቶ በማሰሪያ የሚጠፈረው ሲሆን፣ አቻው ከአሉሚኒየም ወይም ከጠጣር ፕላስቲክ የሚሠራውና በብረት መያዣ ላይ የሚገጠመው ሳጥን ነው። ሳጥኑ መልካም ጎን አለው፤ ይቆለፋል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ዕቃ ለማውጣትም ይቀላል። በአስፋልት ብቻ የሚጓዝና ሞተር ሳይክሉን ደጅ አቁሞ የሚያድር ሰው ሳጥን ቢመርጥ አይነቀፍም። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥንድ የአሉሚኒየም ሳጥን ከነመያዣ ብረቱ ባዶውን 15 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ዕቃ የሚይዝ ጥንድ ለስላሳ ሻንጣ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የመንገዱ መንቀጥቀጥ ወደ ሳጥኑ ምንም ሳይለዝብ ይተላለፋል፤ ከሳጥኑም ወደ መያዣውና ከኮርቻው ሥር ወዳለው የኋላ ሻንሲ ይመለሳል፤ በዚህም ብየዳው እየደከመ ይሄዳል። መሐንዲሶች የብረት ድካም የሚሉት ይህንን ነው፤ ብረቱን የሚሰነጥቀው አንድ ከባድ ምት ሳይሆን ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ትንሽ ጫና ነው። ከካይሮ ተነሥተው በመተማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ አድርገው ወደ ኬፕ ታውን የሚወርዱ የሞተር ሳይክል ተጓዦች ይህን በደንብ ያውቁት ነበር፤ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው የኬንያ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የሳጥን መያዣ በመስበርና ሾክ አብዞርበር በማበላሸት ስሙ የወጣ ነበርና።

ከክብደቱም ከብረቱም በላይ ግን የእግር ጉዳይ አለ። በአሸዋ ወይም በጭቃ ላይ በዝግታ የሚነዳ ሰው ሚዛኑን ሲስት እግሩን መሬት ላይ ይጥላል፤ ሞተር ሳይክሉ ወደፊት መሄዱን ስላላቆመ የተጣለው እግር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከኋላ የሚመጣው የሳጥን ጠርዝም ባቱን ይመታዋል፤ ሞተር ሳይክሉ ከወደቀ ደግሞ እግሩ በመሬቱና በብረቱ መካከል ተይዞ ሊሰበር ይችላል። ለስላሳ ሻንጣ በዚህ ጊዜ ተጨፍልቆ ለእግሩ ቦታ ይለቃል። ከአስፋልት ውጭ ለሚነዳ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስንለት ይገባል። ይሁን እንጂ ለስላሳነቱ እንደ ይዘቱ ነው፤ ቁልፍና ካቻቢቴ፣ ጣሳና የብረት ምጣድ የታጨቀበት ሸራ ከሳጥን ብዙም ስለማይለይ፣ ወደ እግር በሚቀርበው የሻንጣው ፊተኛ ወገን ልብስና ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር እንዲገባ ያስፈልጋል።

ለስላሳ ሻንጣ በመሠረቱ በሦስት ቦታ ይጫናል። የጎን ሻንጣ በኮርቻው ላይ ተሻግሮ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው ጥንድ ነው፤ የኋላ ጥቅል በኮርቻው ጫፍ ላይ አግድም የሚታሰረው ረዥም ከረጢት ነው፤ የታንክ ቦርሳ ደግሞ ከነጂው ፊት በነዳጅ ታንኩ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ነው። የጎን መያዣ ብረት ለሌላቸው ቀላል ሞተር ሳይክሎች፣ ጃይንት ሉፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደሚሠራው ዓይነት፣ የጎኑንና የኋላውን በአንድ አዋሕዶ ኮርቻውን ከኋላ የሚከብ ሻንጣም አለ። የዕቃ መጫኛ ብረት፣ በተለምዶ ፖርቶመጋላ የሚባለው፣ ያለው ሞተር ሳይክል ሥራውን ያቀለዋል፤ ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው ኤጂ 100 ከፊትም ከኋላም ይህን ብረት ይዞ ከፋብሪካ ይወጣ ስለነበር በላዩ ላይ ማንኛውም ከረጢት በቀላሉ ይታሰራል። ብረት የሌለው ሞተር ሳይክል ላይ የጎን ሻንጣ ለመጫን የሚፈልግ ሰው ሻንጣውን ከጎማና ከማርሚታ የሚያርቅ ቀላል የቱቦ ብረት በብየዳ ቤት ቢያሠራ ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም።

የሻንጣው ጨርቅ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። በሻንጣ መግለጫ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ሲሆን፣ 9 ሺህ ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል፤ ስለዚህ 1000 ዴኒየር ሲባል ከጨርቁ ክር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ቢዘረጋ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ኮርዱራ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ናይለን በዚህ ውፍረት ሲሠራ ከጠጠር ጋር መፋተግን በሚገባ ይችላል። ነገር ግን ጨርቅ ስለወፈረ ብቻ ውሃ አያቆምም፤ ውሃውን የሚያቆመው የተቀባው ሽፋን ነው። በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ በስሱ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን ከዓመታት በኋላ እየተላጠ ይረግፋል። ፒቪሲ የሚባለው ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነው፣ በብርድም ይደርቃል። ቲፒዩ የሚባለው አዲሱ ሽፋን ከፒቪሲ የቀለለና መፋተግን የተሻለ የሚችል ሆኖ ሳለ ዋጋው ይወደዳል። ከሽፋኑ ቀጥሎ ስፌቱ ይታያል፤ መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ፣ የጥሩ ሻንጣ መገጣጠሚያ በክር መሰፋት ቀርቶ በሙቀት ይጣበቃል። አፉም ዚፕ ባይሆን ይመረጣል። ውሃ የማያስገቡት ሻንጣዎች አፋቸው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በዘለበት የሚዘጋ ነው፤ ከመጠቅለሉ በፊት ሻንጣውን ተጭኖ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል፣ አየር የቀረበት ሻንጣ ማሰሪያው የጠበቀ መስሎ ይታይና ትንሽ ከተጓዘ በኋላ ይላላልና።

እንዲህ ላለ ሻንጣ የጭነት መኪና ሸራም ይሆናል። ጀርመናዊው ሃርትሙት ኦርትሊብ በእንግሊዝ አገር በብስክሌት ሲጓዝ ዕቃው በዝናብ ይበሰብስበት ስለነበር፣ በጭነት መኪና ሸራ ሥር ያለው ዕቃ ደረቅ ሆኖ መጓዙን አስተውሎ ከዚያው ሸራ ሻንጣ ሰፋ፤ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረተ። የውጭ አገር ሻንጣ በውድ ዋጋና በቀረጥ ለሚደርሰው የኢትዮጵያ ነጂ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ መርካቶ ሸራ ተራ ከሚገኘው ወፍራም ሸራ አንድ ጎበዝ ሰፊ ለዓመታት የሚያገለግል የጎን ሻንጣ ሊሠራ ይችላልና። የሚያሠራው ሰው ሦስት ነገር አጥብቆ ይንገረው፤ ክሩ የጥጥ ሳይሆን የፖሊስተር ይሁን፣ የሻንጣው መቀመጫ ድርብ ሆኖ መገጣጠሚያው ከሥር አይዋል፣ ማሰሪያውም በጥግና በጥጉ ብቻ አይሰፋ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ማሰሪያው ጥግ ላይ ብቻ ሲሰፋ ሸክሙን የሚሸከሙት ጥቂት የክር ንክሻዎች ስለሆኑ አንድ ቀን ይተረተራሉ፤ ሻንጣውን ከሥር አቅፎ ዙሪያውን ሲዞር ግን ሸክሙ በራሱ በማሰሪያው ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለው ስፌት ውሃ ማስገባቱ ስለማይቀር ዕቃው ቀድሞ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ይግባ፤ የክረምት ዝናብ እንኳ እንዲህ ከተጠቀለለ ልብስ አይደርስም።

ስለ መጠን ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው የአምራቹ መመሪያ ነው። በመመሪያው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ ነጂውን፣ ተፈናጣጩን፣ ሻንጣውንና የተጨመረውን ብረት ሁሉ ያጠቃልላል። ለምሳሌ ልኩ 150 ኪሎ ግራም ከሆነና ነጂው ከነሄልሜቱና ከነልብሱ 85 ኪሎ ግራም ቢመዝን ለሌላው ሁሉ የሚቀረው 65 ብቻ ነው፤ ተፈናጣጭ ካለ ደግሞ ለዕቃ የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ ከኋላም ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ሻንጣ ይበቃዋል። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን አይሄድም፤ ቦታ ካለ የሚጨመር ዕቃ አይጠፋም።

አጫጫኑን በተመለከተ አጋሰስ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ለሞተር ሳይክልም አያንስም፤ ግራና ቀኙ ያልተመጣጠነ ጭነት በቅሎዋን ገጣባ እንደሚያስወጣት ሁሉ ሞተር ሳይክሉንም ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ነጂውን ያደክማል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎና በተቻለ መጠን ወደ ነጂው ቀርቦ፣ ቀላሉ ከላይና ከኋላ ይቀመጣል። ከኋላው ጎማ እምብርት አልፎ የተጫነ ክብደት የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያቀለዋል፣ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ በዳገትና በጠጠር ላይ የመሪውን ትእዛዝ በሚገባ አይቀበልም። በጥቅሉ ላይ ጀሪካን የሚከምር ነጂ በገዛ እጁ ይህን ያመጣል። ነዳጅ መያዝ ግድ ከሆነ ከማርሚታው በተቃራኒው ጎን፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር።

አሁን ወደ ማሰሩ ይኬዳል። ሻንጣው በመጀመሪያ ባዶውን ይጫንና የሚያርፍበት ቦታ ይታያል። ማሰሪያ በሚያልፍበት ቀለም ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ጎማ ጣል ይደረጋል፤ በማሰሪያውና በቀለሙ መካከል የሚገባ አቧራ በጉዞው ሁሉ እየፈገፈገ ቀለሙን ይልጠዋልና። ከዚያም እያንዳንዱ የጎን ሻንጣ ወደፊት፣ ወደ ኋላም ሆነ ወደ ላይ እንዳይሄድ በሦስቱም አቅጣጫ ይያዛል፤ ወደ ታች የሚስብ ማሰሪያ ብቻ ያለው ሻንጣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይንሸራተታል። ለዚህ የሚሻለው ዘለበት ጥርስ ያለው ምላሱ ማሰሪያውን ነክሶ የሚይዘው ነው፤ በእጅ ኃይል ብቻ ስለሚጠብቅ ቀጭኑን ብረት አያጣምምም፣ በመፈልቀቂያ የሚወጠረው የጭነት መኪና ማሰሪያ ግን ሊያጣምመው ይችላል። የማሰሪያው ትርፍ ጫፍ ተጠቅልሎ መታሰር አለበት፤ የተንጠለጠለ ጫፍ በካቴናው ወይም በጎማው ከተያዘ ጎማው በድንገት ይቆማል፣ ይህም በጉዞ ላይ ሊደርስ ከሚችለው ክፉ ነገር አንዱ ነው። ማሰሪያው የናይለን ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ጥቂት እንደሚለጠጥ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ይገባል። የፖሊስተር ማሰሪያ ይህ ጠባይ የለውም።

ማርሚታው ሻንጣ ያቃጥላል። ናይለን በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ሲሆን፣ ፒቪሲ ደግሞ ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በሻንጣውና በማርሚታው መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ካልተገኘ በመካከላቸው ከሁለቱም የራቀ የቆርቆሮ ጋሻ ይገጠማል። ክፍተቱ ግን ሞተር ሳይክሉ በቆመበት ታይቶ የሚበቃ አይደለም። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሁለት ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የኋላውን ሞላ እስኪጨመቅ ድረስ ይጫነው፤ ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ ሻንጣው ጎማውን ወይም ማርሚታውን መንካት አለመንካቱን ይመልከት። በጉድጓድ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

የታንክ ቦርሳ ካለ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞር፤ ቦርሳው ጡሩንባውን የሚጫን ወይም የጋዙን ገመድ የሚስብ ከሆነ ትልቅ ነው። በታንኩ ክዳን ላይ የሚተነፍስ ቀዳዳ ባለበት ሞተር ሳይክል ቦርሳው ቀዳዳውን ከደፈነው ነዳጅ መውረድ ያቆምና ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል። ታርጋው፣ የኋላው መብራትና ፍሬቻዎቹም እንዳይሸፈኑ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ተገቢ ነው። የጎማ ንፋስና የኋላ ሞላ በመመሪያው ላይ ለጭነት ወደተጻፈው ልክ ይስተካከሉ፤ ኋላው ሲጎብጥ ወደ ላይ የሚያየው የፊት መብራትም ዝቅ ይደረግ።

ሻንጣው በትክክል መታሰሩ የሚታወቀው ተይዞ ሲወዘወዝ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ አብሮ ከተወዘወዘ ተይዟል፣ ሻንጣው ብቻውን ከተወዘወዘ ገና ነው። ከተነሡ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ቆሞ ማሰሪያውን ሁሉ በእጅ መንካት ያስፈልጋል፤ ዕቃ በመንቀጥቀጥ ይሰፍራልና።

በመጨረሻ በየከተማው ለሚታየው አንድ ልማድ ትኩረት ቢሰጥ መልካም ነው። ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ያለው የላስቲክ ማሰሪያ ሲወጠር አምልጦ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ታስሮም ቢሆን ላስቲኩ በየጉብታው ስለሚለጠጥ ዕቃውን አይዝም፤ ሲፈታም መንጠቆው ወደ ጎማ ይገባል። ይህን ማሰሪያ የያዘ ነጂ ሁሉ ለሚቀጥለው ጉዞ ዘለበት ያለው ማሰሪያ ገዝቶ መንጠቆውን እንዲጥል ይለመናል።